አውቶቡሱ ሄደ፣ እኔ ሸዋ ሮቢት ቀረሁ

«አንድ ሰው ይጎድላል!»

አስተባባሪያችን አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ በእስክሪብቶው ጫፍ እየጠቆመ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረን። የጎደለችው እኔ ነኝ። ግን አልጠፋሁም። ቦርሳዬን እግሬ ሥር አድርጌ ከአውቶቡሱ ጎን ቆሜያለሁ።

«እኔ እዚህ እቀራለሁ» አልኩት።

«እዚህ የት?»

«እዚሁ ሸዋ ሮቢት።»

በላብ የራሰ ፊቱን በመሐረቡ ጠረገና ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እህቴ፣ በአንድ መኪና ወጥተን በአንድ መኪና ነው የምንገባው። ለእናትሽ ምን ልበላቸው?»

በየመስኮቱ የተደረደሩትን ፊቶች እስከ ዛሬ አስታውሳቸዋለሁ። ከሦስተኛው ወንበር «ሰው ይኖራታላ!» የምትል ሹክሹክታ ወጣችና ወደ ኋላ ወንበሮች ተንሸራተተች። አምስት ቀን ሙሉ ከጎኔ ተቀምጣ ዳቦ ቆሎዬን ስትካፈለኝ የሰነበተችው የሰፈሬ ልጅ አንዲት ቃል ትተነፍስልኛለች ብዬ ባያት፣ አንገቷን ወደ ማዶ አዞረች። ከዚያ አውቶቡሱ ጥቁር ጭሱን ለቀቀብኝና ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ሄደ።

ቀኑ መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ አርብ ነበር። የግሸን ደብረ ከርቤን ንግሥ መስከረም 21 አክብረን፣ ደሴ አድረን መመለሳችን ነው። ለምሳ ሸዋ ሮቢት ስንቆም ሐሳቤ ቀድሞ ተቆርጦ ነበር። እንዴት መሰላችሁ?

ሰኞ ዕለት ስንሄድ ጣርማ በርን ተሻግረናል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ የሠራው ዋሻ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ፣ ጉሙ ከመስኮት የሚገባ። ጋቢ ለብሰን ተሸፋፍነን ገባን። ከዚያ ቁልቁለት፣ ጥምዝምዝ፣ ደብረ ሲና ቆሎ፣ አሁንም ቁልቁለት… ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጋቢው ሹራቡ ሁሉ ወልቆ ጉልበታችን ላይ ተከምሯል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ ጠዋት፣ ከብርድ ልብስ ወደ ቬንትሌተር! ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ ቆሟል። መሐሉ ላይ በእንጨት የተሠራ ማማ፣ ማማው ላይ ልጅ፣ ልጁ እጅ ላይ ወንጭፍ። ወፍ እየጠበቀ ነው። «ያ ልጅ ምን እያለ ነው የሚጮኸው?» ብዬ ሳልጨርስ ሾፌሩ አልፎታል። ሰባት ቦታ ቆመናል፤ ሰባቱም ላይ ያየሁት የመጸዳጃ ቤት ሰልፍ ነው።

በማኅበር መጓዝን ልነቅፍ አይደለም። እንዲያውም እንደኔ ኪሷ ለሳሳ ሰው ከሱ የተሻለ የለም። ሒሳቡ ይቀላል፣ ስንቁ ይዋጣል፣ ሲታመሙ የሚደግፍ፣ ሲደክሙ መዝሙር የሚያነሳ ሰው አለ። ግን አምስት ቀን ሙሉ የፊተኛዋን ሴት ሹሩባ እያየሁ አገር አየሁ ማለት ከበደኝ። ስለዚህ ጉዞው ሲያልቅ የራሴን ሦስት ሌሊት ልቀጥልበት አልኩ። ፈረንጆቹ ይህን ያውቁበታል። ላሊበላና ጎንደርን ከቡድን ጋር ዞረው ሲያበቁ፣ ሌላው ወደ አገሩ ሲበር፣ አንዷ ሽማግሌ ሴት ካሜራዋን አንግታ አዲስ አበባ ላይ ብቻዋን ሦስት ቀን ትቀራለች። ማንም «ሰው ይኖራታላ» አይላትም። እኛ ላይ ሲሆን ነው ነገር የሚሆነው፤ ሴት ስትሆኑማ አይነሳ።

አሁን ስህተቴን ልናዘዝ። ይህን ማድረግ የነበረብኝ መንገድ ላይ ሳይሆን ገንዘብ ስከፍል ነው። አስተባባሪው የተቆጣው አለምክንያት አልነበረም። የተሳፋሪው ስም ዝርዝር እጁ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ከጎደለ ተጠያቂው እሱ ነው። ቀድሜ ብነግረው ኖሮ ስሜ አጠገብ «መመለሻ የለም» ብሎ ይጽፍ፣ እኔም ፈርሜለት እገላገል ነበር። የመመለሻውን ሒሳብ ግን መልሱልኝ ብላችሁ አትጨቃጨቁ። አውቶቡሱ የተኮናተረው በሙሉ ነው፣ የእናንተ ወንበር ባዶውን ቢሄድም ነዳጁ አይቀንስም። ነገሩ ውጭ አገር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ወደ ኢየሩሳሌም ወይም ወደ ዱባይ በቡድን የሚሄድ ሰው ትኬቱ የቡድን ነው። ቀኑን ለማራዘም የሚፈልግ ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት መናገር አለበት። ቪዛው ስንት ቀን እንደሚል ማየትም የራሱ ፈንታ ነው።

ወደ ሸዋ ሮቢት እንመለስ። አልጋ ፍለጋ ገባሁ። የመጀመሪያው ቤት እንግዳ ተቀባይ ልጅ «ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አለኝ። ማን? ብለው «ሰውዬው» አለ። ወጣሁ። ሁለተኛው ቤት ባለቤቲቱ ራሳቸው ደጃፍ ላይ ቡና እያፈሉ አገኘኋቸው። እሳቸውም ያው ናቸው መጠየቃቸው አልቀረም፣ ግን አጠያየቃቸው ይለያል።

«ልጄ፣ ማን ዘመድ አለሽ እዚህ?»

«ማንም የለኝም እማማ።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ ቀረሽ?»

«አገር ላይ።»

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና «እዚህ ደግሞ ምን ይታያል!» ብለው ሳቁ። መታወቂያዬን አዩ፣ ቁልፍ አነሱ፣ ቀድሞ ያሳዩኝን ከግቢው ዳር ያለውን ክፍል ትተው ከራሳቸው ክፍል ግድግዳ የሚጋራውን ሰጡኝ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዙሬ ሞከርኩ። ከውስጥ የሚቆለፍ ብረት መቀርቀሪያም አለው። እግዜር ይስጣቸው፣ ይህ መቀርቀሪያ ማታ ሥራውን ሠራ። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ አንዱ ሞቅ ያለው በሬን ይደበድብ ጀመር። ክፍሉ ተምታቶበት ይሁን ሆን ብሎ እንጃ! አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ወዲያው ከጎረቤቱ ግድግዳ የእማማ ድምፅ ተነሳ። የተናገሩትን ጋዜጣ ላይ አላሰፍረውም። ሰውዬው ጫማውን እየጎተተ ሲሄድ ሰማሁት። ጠዋት ሁለታችንም ስለ ጉዳዩ አላነሳንም።

ሸዋ ሮቢት ቀንና ሌሊት ሁለት ከተማ ናት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ውሻው እንኳ ከጥላ አይወጣም። እኔም ሞኝ ሆኜ በስምንት ሰዓት ልዙር ብዬ ወጥቼ፣ ባጃጁ ሾፌር እንኳ አዝኖልኝ «እህት፣ ግቢ ቤት» ብሎኛል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ወንበሩ ሁሉ ደጅ ይወጣል። ፓፓያው ይጨመቃል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ ከመስጊዱ አዛን፣ ትንሽ ቆይቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል። አዲስ አበባ ላይ ሸዋ ሮቢት ስትሉ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ማረሚያ ቤቱን። እኔም ከዚያ በቀር አላውቃትም ነበር። እዚያ ሁለት ቀን ስትቀመጡ ግን ሰው የሚያወራው ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ትምባሆ፣ ስለ ማሾና ስለ ወፍ መሆኑን ታያላችሁ።

አዎ፣ ስለ ወፍ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የእማማ የወንድም ልጅ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ወደ ማሽላቸው ይዞኝ ሄደ። ማማው ላይ ወጣሁ! እንጨቱ ይወዛወዛል፣ ከላዩ ግን እስከ ቆላው ጫፍ ይታያል። ወፉ እንደ ደመና ሆኖ ይመጣል። አንዴ ከሰፈረ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ በጥቂት ቀን ያልቃል፤ ለዚህ ነው ልጆቹ ከንጋት እስከ ምሽት የሚጮኹት። ልጁ ወንጭፉን ሰጠኝ። አዙሬ አዙሬ ለቀቅሁት። ድንጋዩ ወደ ኋላዬ ሄደ። ልጁ ከማማው ሊወድቅ ነበር በሳቅ። ሰኞ ከመስኮት ያየሁት ልጅ ምን እያለ እንደሚጮህ ግን ገባኝ። ምንም እያለ አይደለም፤ ዝም ብሎ ድምፅ ነው፣ ከማማ ማማ እየተቀባበሉት።

ይፋት ስሟ ትልቅ ነው፣ እኛ ግን እንደ ምሳ ቤት ብቻ ነው የምናልፍባት። የወላስማዎች ሱልጣኔት፣ እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ የገነነው፣ መቀመጫው ይኸው አገር ነበር። ከዘይላ ወደብ የሚመጣው ነጋዴ ወደ ደጋው ሲወጣ በዚህ ነበር መንገዱ። ኖራና አስበሪ የሚባሉት የጥንት ከተሞች የድንጋይ ፍርስራሽ፣ መስጊዶቻቸውም ጭምር፣ በዚሁ በይፋት ተረተር ላይ ይገኛሉ። ተመራማሪዎች ሄደው አጥንተዋቸዋል። እኔ አልደረስኩም፤ መሪ የሚፈልግ የእግር መንገድ ነው፣ በሦስት ሌሊት የሚገፋ አልነበረም።

የደረስኩት ሰንበቴ ገበያ ነው። ገበያው የሚውለው እሑድ ነው፤ የቀረሁበት ዋናው ምክንያትም እሱ ነበር። ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ጀውሃን አልፌ ገባሁ። እናንተዬ! አፋሩ ጊሌውን ታጥቆ ግመሉን ይስባል፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው ከየአቅጣጫው ይወርዳል። አንዱ በኦሮምኛ ይጠይቃል፣ ሌላው በአፋርኛ ይመልሳል፣ ክርክሩ በአማርኛ ይሆናል፣ ስምምነቱ በእጅ። ፍየል ሲሸጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ አየሁ። የሚቸኩል ሰው አልነበረም፣ የሚቆጥረኝም አስተባባሪ አልነበረም። ለራሴ ሽርጥ፣ ለእናቴ እፍኝ ዕጣን ገዛሁ።

ብር ነገር ልንገራችሁ። ያኔ ቴሌብር አልተጀመረም፤ የያዝኩትን ሦስት ቦታ ከፍዬ፣ አንዱን ካልሲ ውስጥ፣ አንዱን ቦርሳ ሥር፣ አንዱን እማማ ዘንድ አስቀምጬ ነበር። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ቀሏል፣ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ስልካችሁ ገንዘብ አይሆንም። የመሳፈሪያ ያህል ጥሬ ብር ምንጊዜም ይኑራችሁ። መመለሻ ላይ ደግሞ ከደሴ የሚመጣውን አውቶቡስ መንገድ ዳር ቆማችሁ አትጠብቁ፤ ሞልቶ ነው የሚያልፈው። እኔ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሜ ነው ይህ የገባኝ። በኋላ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ በሌላ መኪና ላምበረት መናኸሪያ ገባሁ። ጣርማ በር ላይ በሽርጥ ብቻ ስንቀጠቀጥ ብታዩኝ!

እስከዚህ ድረስ ቆንጆ ነው አይደል? አሁን ዋናውን ልንገራችሁ።

ለእናቴ ዋሽቻታለሁ። አርብ ዕለት ደውዬ «ማኅበሩ ደሴ ላይ ሦስት ቀን ሊቆይ ነው» አልኳት። ፈርቼ ነው። በ2011 መጋቢት መጨረሻ አጣዬና ከሚሴ አካባቢ ግጭት ተነስቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ «ይፋት» ሲባል ልቧ ይመታል። ብቻዬን ነኝ ብላት ታክሲ ኮንትራት ይዛ የምትመጣ ሴት ናት። የሰፈሬን ልጅም ላምበረት ሳልደርስ ደውዬ ለመንኳት፣ «እሺ፣ አልናገርም» አለችኝ። ዕጣኑን «ከደሴ ነው» ብዬ ሰጠኋት።

ጥቅምት 6 ቀን ራስ ምታት ጀመረኝ። ማታ ብርድ፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ላብ። በማግስቱ ሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድን፣ እናቴ አብራኝ ገባች። ሐኪሙ «በቅርቡ ከከተማ ወጥተሽ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ ቀደመችኝ፦ «ግሸን ማርያም ሄዳ ነበር፣ ደሴም ቆይታለች።» ሐኪሙ «ደጋ ነው» አለና ጻፈ። እኔ ዝም አልኩ። ያቺን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳትም። የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጠኝ።

አራት ቀን ዋጥኩት። እየባሰብኝ ሄደ። የበላሁት ሁሉ ይመለሳል፣ ዓይኔ ቢጫ ሆነ፣ መቀመጥ አቃተኝ። በአምስተኛው ሌሊት ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ እናቴ ያንን የሰንበቴ ዕጣን አጭሳ ራስጌዬ ተቀምጣ ትጸልይልኛለች። የዕጣኑ ሽታ ነው መሰለኝ ያስለፈለፈኝ። «እማዬ፣ ደሴ አልነበርኩም» አልኳት።

ሌሊቱን ሆስፒታል ወሰደችኝ። ደም ተወሰደ፣ ወባ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ፋልሲፓረም የተባለው፣ ጭንቅላት ድረስ ሊወጣ የሚችለው ዓይነት። «ሁለት ቀን ብትዘገይ…» ብላ ነርሷ አልጨረሰችውም። ግሉኮስ ተሰቀለልኝ፣ መርፌ ተወጋሁ፣ ትኩሳቱ ሲበርድ ኮአርተም ዋጥኩ፣ ዳንኩ።

አያችሁ፣ ወባ ወዲያው አትታይም። ትንኟ በነከሰች በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ቆይታ ነው የምትነሳው። ያኔ ሰው አዲስ አበባ ገብቶ ሥራውን ይዟል፣ ቆላውን ረስቶታል። አዲስ አበባ ደጋ በመሆኗ ካልነገራችሁት በቀር ሐኪሙ መጀመሪያ ስለ ወባ ላያስብ ይችላል። ከክረምቱ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ለቆላው ዋነኛው የወባ ወቅት ነው። እኔም በዚያው መሐል ነው የገባሁበት። የባሰው ነገር፣ አልጋዬ ላይ አጎበር ተሰቅሎ ነበር። ሙቀቱ ጨነቀኝና ቋጥሬ ወደ ላይ አወጣሁት፣ የታጠበ ነጠላዬንም አሰጣሁበት። ማታ ማታ ደግሞ በነጠላ ጫማ ደጅ ተቀምጬ ፓፓያ ጁስ። ትንኟ ከዚህ በላይ ምን ትፈልግ? ይህን የቆየ ወሬ አድርጋችሁ አትዩት። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ፣ እስከ ጥቅምት ወር ባለው ጊዜ፣ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

ስለዚህ ብቻችሁን ስትቀሩ ቢያንስ አንድ ሰው እውነተኛ አድራሻችሁን ይወቅ። እናት ካስፈራች እህት፣ እህት ከሌለች ጓደኛ። ክፍሉን፣ የአልጋ ቤቱን ስልክ፣ የምትመለሱበትን ቀን። ለሐኪም ደግሞ «ቆላ ነበርኩ» ማለት ካሳፈራችሁ፣ እናታችሁን «ውኃ አምጪልኝ» ብላችሁ አስወጧትና ተናገሩ።

የእናቴን ነገር አልነገርኳችሁም። ሆስፒታል አልጋዬ አጠገብ ሁለት ቀን ሙሉ ስለዚያ ነገር አልተናገረችኝም። ወተት ታጠጣኛለች፣ ፊቴን ትጠርጋለች፣ ዝም። በሦስተኛው ቀን ማታ ብቻ «ለመሆኑ በሩን ቆልፈሽ ነበር የምታድሪው?» አለችኝ። መቀርቀሪያውንና የእማማን ስድብ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ አልጠበቅኩም፤ ሳቀች። «ስልካቸውን ስጪኝ» አለች። ደወለችላቸው። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ የሚደዋወሉት ሁለቱ ናቸው፣ እኔ ተረስቻለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 አጣዬ ነደደች። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ፤ ከተማዋም ለቀናት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት ያ መንገድ ስንቴ እንደተዘጋ ተጓዥ ያውቀዋል። ስለዚህ ይህን አንብባችሁ ነገ ቦርሳ አታንሱ። መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ ሳምንት የተመላለሰ ሾፌር ጠይቁ፣ እዚያ ያለ ሰው ጋ ደውሉ፤ «ተዉት» ካሏችሁ ተዉት። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ሌሊት ጨምራችሁ ልትመለሱም ትችላላችሁ፣ ብርዱን ከቻላችሁት።

በዚያ ኅዳር እናቴ ጠዋትና ማታ ወደ ሸዋ ሮቢት ትደውል ነበር። «የደወሉላቸው ደንበኛ…» ይላታል። ታኅሣሥ ገብቶ አንድ ቀን ጠራ። እማማ ነበሩ። ግቢው ተዘርፏል፣ ፍራሽ የለም፣ ቬንትሌተር የለም፣ ሰው ግን ተርፏል። እናቴ እያለቀሰች ስልኩን ሰጠችኝ።

«ልጄ፣ ክፍልሽ አለ» አሉኝ። «አጎበሩን ግን ወስደውታል። ስትመጪ ይዘሽ ነይ።»